የወታደራዊ ሆስፒታል ሲቪል ሠራተኞች የሥራ እርካታ

ወታደራዊ ሆስፒታል ሲባል ቶሎ የሚታየን ማዕረግ ያለው ሐኪም ነው። ዎርድ ውስጥ ሲገቡ ግን ሲቪሉም ብዙ ነው፤ ነርሱ፣ ፋርማሲስቱ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው፣ የካርድ ክፍልና የጽዳት ሠራተኛው። በአሜሪካ ቤተስዳ የሚገኘውን ዋልተር ሪድን በመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

እርካታን ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ስፔክተር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው መጠይቅ ነው። 36 ጥያቄዎች አሉት፤ ደመወዝን፣ እድገትን፣ የቅርብ አለቃንና የሥራ ባልደረባን ጨምሮ 9 ጉዳዮችን ይዳስሳል። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ቅሬታን ቢያስቀሩም ሰውን የሚያረካው እውቅና፣ እድገትና ሥራው ራሱ ነው ብሎ ነበር። ለእኔ የወታደራዊ ሆስፒታል ሲቪሎች ነገር እዚህ እውቅናና እድገት ላይ ነው ያለው።

ወታደሩ ይዛወራል፣ ሲቪሉ ይቀራል። አዲስ የተመደበ መኮንን ጠዋት ርክክብ ላይ ሲቆም፣ ዓመታት የቆየችው ነርስ ሁሉንም ታሳየዋለች። የትኛው አልጋ ጎን ያለው ኦክስጅን እንደሚያስቸግር፣ ሌሊት ደም ሲያስፈልግ ማን ጋ እንደሚደወል። እሱ ሥራውን ሲለምድ ሌላ ይመጣል፤ እሷም እንደገና ከሀ ትጀምራለች። የሥራ አፈጻጸሟን የሚሞላው ግን ጥቂት ወር ብቻ የሚያውቃት አለቃ ሊሆን ይችላል። ይሄ ያማል። ላይኛው ወንበር ለማዕረግ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የእድገት መንገዷ አጭር ነው።

ግዳጅ ሲመጣም ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፣ ታካሚው ግን እዚያው ነው። ክፍተቱን የቀረው ሰው በተጨማሪ ፈረቃ ይሸፍነዋል።

ታዲያ ለምን ይቆያሉ? የሥራ ዋስትና አንዱ ነው። ሥርዓት ያለው ቤት መሆኑም ይስባል፤ ማን ለማን እንደሚታዘዝ ግልጽ ነው። ከሁሉም በላይ ታካሚው አለ። እግሩን ያጣ ወጣት ወታደር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ እግር ሲራመድ ክንዱን የያዘው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲቪል ሊሆን ይችላል። ከሠራተኞቹም የቀድሞ ወታደሮችና የወታደር ባለቤቶች አሉ፤ ለእነሱ ታካሚው እንግዳ አይደለም።

አንዳንድ ሆስፒታሎች አዛዡ ሲቀየር የማይቀየር ሲቪል ምክትል ይመድባሉ። ጥሩ አሠራር ነው። ከዎርድ የሚነሳ ቅሬታ አዲሱ አዛዥ እስኪለምድ አይጠብቅም፤ ጉዳዩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ አለ።