ሽምግልናም ዳይስ አለው፦ በሚና ጨዋታ ውስጥ ስለ ውጊያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በሚገኝ የጓደኛችን ቤት ስድስት ሆነን ጠረጴዛ እንከባለን። የጨዋታው መሪ እኔ ነኝ፤ ምናባዊውን ዓለም እገልጻለሁ፣ ሽፍታውንም ነጋዴውንም ንጉሡንም ሆኜ እናገራለሁ። አምስቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ሁለቱ የኮምቦልቻ ልጆች ስለሆኑ ሳይመሽ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አለባቸው። ያለን ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ውጊያውና ሌላው ጨዋታ እንዴት ይመጣጠን የሚለው ጥያቄ ለእኛ በየሳምንቱ የሚነሣ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የምሰማቸውን፣ አንዳንዶቹንም እኔው ለረጅም ጊዜ ያመንኩባቸውን ስሕተቶች ላንሣ።

«ከጦርነት የተወለደ ጨዋታ ስለሆነ ዋናው ውጊያ ነው»

ትውልዱስ እውነት ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱትና እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ የበቀለው በትንንሽ ምስሎች ከሚካሄድ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። የቆዩትን ደንቦች ገልጦ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዚሁ ጨዋታ የጀማሪዎች ደንብ ከዋሻ ወጥቶ ከተማ ለደረሰ ለእያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም ገጸ ባሕርይን የሚያሳድግ አንድ የልምድ ነጥብ ይሰጣል፤ ጎብሊን የተባለውን ትንሽ ጭራቅ ለገደለ ቡድን ግን 5 ነጥብ ብቻ ነው። መቶ ሳንቲም በብልሃት ይዞ መውጣት ሃያ ጎብሊን ከመግደል ጋር እኩል ነበር ማለት ነው። ጭራቁ ራሱም ሁልጊዜ ለጠብ የተነሣ አልነበረም፤ መሪው ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ጥሎ ስሜቱን ይለካል፣ ያለ ምንም ጥያቄ ወዲያው የሚያጠቃውም ድምሩ 2 ሲሆን ነው። ይህ ከ36 አንድ ዕድል ነው። ያ ደንብ ተጫዋቹን የሚያስተምረው ከመምታት በፊት ማነጋገርን ነው።

«ሚዛን ማለት ግማሹን ሰዓት ለውጊያ፣ ግማሹን ለንግግር መስጠት ነው»

በዚሁ ጨዋታ አምስተኛው እትም አንድ የውጊያ ዙር፣ ማለትም ሁሉም አንድ አንድ ተራ የሚያገኝበት፣ በታሪኩ ውስጥ የሚወስደው 6 ሰከንድ ነው፤ አራት ዙር የፈጀ ግጭት 24 ሰከንድ ይሆናል። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ የሽፍቶች ግጭት አቦሉ ሲቀዳ ተጀምሮ በረካው ተጠጥቶም አላለቀም። የሦስት ሳምንት የበረሃ ጉዞ ደግሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። ስለዚህ ሰዓት መቁጠር ትቼ ውሳኔ መቁጠር ጀመርኩ፦ ዛሬ ታሪኩን የሚያዞር ስንት ውሳኔ ተወሰነ? በአንድ ሰዓት ውጊያ ውስጥ የተሰማው «እመታዋለሁ» ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰዓት ባክኗል። ለዚህም የ1981ዱ ደንብ መላ ነበረው፤ ከጠላት ወገን የመጀመሪያው ሲወድቅ፣ ኋላም ግማሹ ሲያልቅ የቀሩት ወኔ በዳይስ ይፈተናል። ወኔ የከዳቸው ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። እጁን የሰጠ ሽፍታ ደግሞ ማን እንደላከው ያውቃል።

«ንግግር ደንብ አያስፈልገውም»

ይህኛው ስሕተት ሰው ይጎዳል። ከተጫዋቾቻችን አንዷ ዝምተኛ ናት፤ የያዘችው ገጸ ባሕርይ ግን በግርማው የታወቀ አስታራቂ ነው። ጦረኛ የያዘው አንደበተ ርቱዕ ጓደኛችን ለአንድ ወር ያህል የእርሷን ቦታ ወስዶ ሲናገር እኔ ዝም ብዬ አየሁ። ክንደ ደካማ ሰው ጦረኛ ሲይዝ ድንጋይ አንሥተህ አሳየን አንለውም። ታዲያ ዝምተኛዋን ስለ ምን በራሷ አንደበት እንፈትናታለን?

አሁን ሦስት ነገር እጠይቃታለሁ፦ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ለምታነጋግሪው ሰው ምን ታቀርቢለታለሽ፣ እርሱስ እሺ ቢል ምን ያጣል? በሁለት ቃል ብትመልስም ይበቃል። ያቀረበችው ነገር ሰውየውን በእርግጥ የሚያረካው ከሆነ ዳይስ ሳይጣል ይሰምራል። የሚያጠራጥር ከሆነ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ትጥላለች፤ በአምስተኛው እትም ለቀላል ነገር 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 መድረስ ያስፈልጋል።

ወሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ንግግራቸው ልቅ አይደለም፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ዋስ ማን እንደሚጠራ፣ ካሳው እንዴት እንደሚቆረጥ ሥርዓት አለው። የቃል ክብደትም ቢሆን ከደጃችን የራቀ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን በምትገኘው ውጫሌ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡ ሄዶ ሄዶ ዐድዋ ላይ ደረሰ። እኔም ድርድር ሳዘጋጅ በአንድ ቃል የሚታጣ ነገር አስቀምጣለሁ፤ የሚታጣ ነገር የሌለበት ንግግር ተጫዋቹን ያሰለቸዋል።

«ውጊያ የሚወድ ሰው ታሪክ አይወድም»

ጦረኛ የያዘው ጓደኛችን ዛሬም የሚያወራው በቦርከና አምሳል ባበጀሁት ወንዝ ላይ ድልድዩን ስለያዘበት ጊዜ ነው። ግቡ መግደል አልነበረም፤ የጨው ጫኝ ሲራራ እስኪሻገር ድረስ መቆም ነበር።

«ውጊያ ሲቀንስ ለሁሉም እኩል ይቀንሳል»

እኩል አይቀንስም። ጦረኛው ጎራዴውን ቀኑን ሙሉ ቢሰነዝር አያልቅበትም። ምትሃተኛዋ ግን የተቆጠረ ምትሃት አላት፤ የሚታደስላትም 8 ሰዓት ካረፈች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም የመሪዎች መጽሐፍ በአንድ የጀብዱ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያ የሚገምተውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። እኛ ታሪክ ወደድን ብለን በቀን ወደ አንድ ውጊያ ስንወርድ ምትሃተኛዋ ያላትን ሁሉ በዚያች አንዲት ውጊያ ላይ ታፈስሰው ጀመር፤ ጦረኛውም ቆሞ ተመልካች ሆነ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ሒሳቡን ያዛባሁት እኔ ነበርኩ።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ምትሃት የሚያድሰውን ረጅም ዕረፍት ከ8 ሰዓት ወደ 7 ቀን የሚያሳድግ የአማራጭ ደንብ አለ። እርሱን ወሰድን። አሁን ወደ ቆላው የሚወርደው ጉዞ ሳምንት ሲፈጅ በመንገድ ላይ የሚታደስ ምትሃት የለም፤ በር ጠባቂን ለማግባባት፣ ጎርፍ ለመሻገር፣ ለሊት ለመጠበቅ የወጣው ሁሉ ከውጊያው ላይ ይቀነሳል። ባለፈው ቅዳሜ ምትሃተኛዋ የመጨረሻውን ምትሃቷን በጦሳ አምሳል ካበጀሁት ገደል ሊወድቅ የተንጠለጠለ እረኛ ለማውረድ ተጠቀመችበት። ሽፍቶቹ ሲደርሱ ጠባቡን መንገድ የያዘው ጦረኛው ነበር፤ እርሷ ከኋላው ሆና የእረኛውን ስብራት ታስር ነበር።