ዮናስ ከከተማዋ ውጭ ተቀመጠ

ጾመ ነነዌን በሰላም ያስፈጸመን አምላክ ይመስገን። ሦስቱን ቀን ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ ሰምታችኋል። እኔ ከምዕራፍ 3 ቁጥር 5 ማለፍ አቅቶኝ ሰነበትኩ፦ «የነነዌም ሰዎች እግዚአብሔርን አመኑ፤ ለጾም አዋጅ ነገሩ»። ወሬው ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በቁጥር 6 ነው። ሕዝቡ ማቅ ከለበሰ በኋላ ነው ንጉሡ ከዙፋኑ የተነሣው።

እኛስ? አገር ከጦርነት ወደ እርቅ ልሻገር ስትል «የባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ እኛ መንፈሳውያን ነን» እንላለን። ለአገራዊ ምክክሩ በየወረዳው ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሴቱ፣ ተፈናቃዩ ወኪሉን እንዲመርጥ ተጠርቷል። በጦርነትና በግጭት የተፈጸመው በደል እንዴት እንደሚጣራና እንደሚዳኝ የሚናገረው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከመጽደቁ በፊት ባለሙያዎች እየዞሩ ሕዝብ ጠይቀዋል። (በቂ ነበር አልልም፤ ጥይት በሚጮህበት ቀዬ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል?) መናገር በተቻለበትስ ስንቶቻችን ሄድን? ከስብሰባ የቀረው ወንድማችን ማታ ፌስቡክ ላይ ማን መጥፋት እንዳለበት ሲጽፍ ያመሻል። ያውም በጾም!

ዮናስም ከከተማዋ ወጥቶ፣ ዳስ ጥሎ፣ የሚሆነውን ሊያይ ከጥላው ሥር ተቀመጠ። ነቢይ ሆኖ ሳለ ተመልካች ሆነ። እግዚአብሔር ግን ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩት ከ120,000 ስለሚበልጡ ነፍሳት ጠየቀው።

ወደ ስብሰባው የሄድነውም ብንሆን የሌላውን ወገን በደል ቆጥረን ነው የምንሄደው። የነነዌ ንጉሥ አዋጅ የሚለው ግን እያንዳንዱ «በእጁ ካለው ግፍ» ይመለስ ነው። በእጄ ካለው!

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን አቁስሎታል። በአንድ ስብሰባ ልጇን በጦርነቱ ያጣች እናት ልትናገር ተነሣች። ከእኛው አገልጋዮች አንዱ «እናቴ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው፤ ይቅር በይ» ብሎ አስቀመጣት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ወንድሜ፣ ይቅርታን ማን የአፍ መዝጊያ አደረገው? የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ ፈጣሪ ዝም በል አላለውም፤ ቃየንን «ወንድምህ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው እንጂ።

ልጅ የቀበራችሁ፣ የት እንደወደቀም ያላወቃችሁ እናቶችና አባቶች፣ ስታለቅሱ እምነታችሁ አልጎደለም። እውነቱን መጠየቃችሁም ቂም አይደለም። በቀጣዩ ስብሰባ ስትነሡ እኛ ልጆቻችሁ ከጎናችሁ እንቁም፤ ተናግራችሁ እስክትጨርሱም ማንም አያቋርጣችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።