ፋይልሳይዝ ምንድን ነው? (ስልክ ላይ የሚይዘው ቦታ አይደለም!)

ሰሞኑን አንዱ "የአፕህን ሳይዝ ስኬማ ላይ ለማስገባት ስልክህ ላይ ሴቲንግስ ግባና አፑ ጋ የሚያሳይህን ቁጥር ገልብጥ" ብሎ ሲያስተምር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። (ስኬማ ገጻችሁ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንደ ጉግል ላሉ ማሽኖች የሚነግር ኮድ ነው፣ ፋይልሳይዝ ደግሞ እዛ ውስጥ የአፑ መጠን የሚጻፍበት ቦታ።) ይሄን ምክር ስንቴ እንዳየሁት! ሴቲንግስ ውስጥ ያለው ቁጥር እኮ አፑን፣ ዳታውን፣ ካሹን ሁሉ ደምሮ ነው። ቴሌግራምን ለወራት የተጠቀመ ሰው ስልክ ላይ ጂቢ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ታዲያ ቴሌግራም ሲወርድ ያን ያህል ነው እንዴ?

ጄሶን-ኤልዲ (ስኬማው የሚጻፍበት የኮድ አጻጻፍ) ምን እንደሆነ፣ ገጹ ላይ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ስኬማ ዶት ኦርግ በ2011 እ.ኤ.አ. ጉግል፣ ቢንግና ያሁ ተስማምተው ያወጡት የጋራ ቋንቋ ነው፣ እዛ ላይ ሶፍትዌር አፕሊኬሽን በሚለው ታይፕ ስር ሰው የሚያምታታቸው ሦስት ፕሮፐርቲዎች (መረጃ የሚሞላባቸው ቦታዎች) አሉ። ፋይልሳይዝ የሚወርደው ፓኬጅ መጠን ነው። ስቶሬጅ ሪኳየርመንትስ ዲስክ ላይ የሚያስፈልገው ነጻ ቦታ ነው። ሜሞሪ ሪኳየርመንትስ ደግሞ ቢያንስ ስንት ራም ይፈልጋል የሚለው።

በጤፍ አስቡት። ከወፍጮ ቤት ተሸክማችሁ የምትመጡት ዱቄት ፋይልሳይዝ ነው፣ ለተሸካሚም የምትከፍሉት በሱ ክብደት ነው። ቤት ገብቶ ተቦክቶ ኩፍ ሲል የሚሞላው ቡሃቃ ስቶሬጁ ነው፣ ቡሃቃው በዱቄቱ ልክ ከሆነ ገንፍሎ መሬት ይፈሳል። ምጣዱ ራሙ ነው፣ ዱቄቱ ኩንታል ቢሆንም ምጣዱ የሚችለው በአንዴ አንድ እንጀራ ነው። እና ሰው "ስንት ኪሎ ነው የምሸከመው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ የቡሃቃውን ስፋት ትነግሩታላችሁ?

ያው አስተማሪ "ትልቁን ቁጥር መጻፍ ምን ይጎዳል፣ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል" ሲል ነበር። ይጎዳል! ዳታ በኤምቢ ገዝቶ የሚጠቀም ሰው 60 ኤምቢ ቀርቶት ገጻችሁ 180 ካለው አያወርድም፣ ፋይሉ ግን 25 ነበር። እንደውም እኛ ሀገር አፕ ከማውረዱ በፊት ሳይዙን የማያይ ሰው ስንት ነው? ትክክለኛው ቁጥር ለዚህ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

መለኪያ ሳይጽፉ "25" ብቻ አድርጎ መተው ደግሞ ሌላው ነው። ስኬማ ዶት ኦርግ ላይ ያለው ትርጉሙ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፣ መለኪያ ከሌለ ኬቢ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ያ 25 ማሽኑ ጋ ሲደርስ 25 ኬቢ ነው፣ ከአንድ አይኮን ብዙም የማይበልጥ አፕ ሠራችሁ ማለት ነው። የሚጠበቀው ቴክስት ስለሆነ ቁጥሩንና ኤምቢውን አንድ ላይ በጥቅስ ውስጥ ጻፉት። የፕሮፐርቲውን ስም ስትጽፉ ኤፏ ትንሽ፣ ኤሷ ትልቅ መሆኗንም አትርሱ (fileSize)።

ቁጥሩን ከየት እናምጣ ካላችሁ ከራሱ ከፋይሉ። የዳውንሎድ ሊንኩን ሄደር ብቻ (ከፋይሉ በፊት የሚመጣውን መግለጫ) ከርል በሚባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ጠይቁትና ኮንተንት-ሌንግዝ የሚለውን፣ ማለትም መጠኑን በባይት፣ እዩ (ሊንኩ ሪዳይሬክት ካደረገ፣ ወደ ሌላ ሊንክ ከመራ፣ እስከመጨረሻው እንዲከተለው ንገሩት፣ አለዚያ የምታነቡት የሪዳይሬክቱን መጠን ነው)። 41943040 ባይት ካላችሁ በ1024 ሁለቴ ስታካፍሉት 40 ነው፣ በ1000 ከሆነ 41.9። ዊንዶውስ በ1024 ያሰላል፣ ማክ በ1000፣ ሁለቱም ግን ኤምቢ ነው የሚሉት፣ አንዱን ምረጡና በሁሉም ገጽ ላይ እሱኑ ተጠቀሙ።

አሁን የሚከብደው ጋ መጣን። ፕሌይ ስቶር ላይ ከኦገስት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አፕ የሚገባው በባንድል (ለሁሉም ዓይነት ስልክ የሚሆነው በአንድ ላይ የታሸገበት ፋይል) ነው፣ ፕሌይ ራሱ ለየስልኩ የሚስማማውን ቆርጦ ይልካል፣ ማለትም ወፍጮ ቤቱ ለየቤቱ በልኩ እየመዘነ መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ ለሁሉም ስልክ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ገጻችሁ ወደ ፕሌይ ብቻ የሚልክ ከሆነ እኔ ብሆን ፋይልሳይዙን አልጽፍም። ኤፒኬውን (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይሉን) ከራሳችሁ ሳይት የምታስወርዱ ከሆነ ግን ጻፉት፣ ለዊንዶውስም ለአንድሮይድም ፋይል ካላችሁ ደግሞ ለየብቻ መዝግቧቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ሳይዝ ይኑረው። ጌም ሆኖ መጀመሪያ ሲከፈት ሌላ ብዙ ነገር የሚያወርድ ከሆነ የፓኬጁ መጠን ብቻውን ሰውን ያሳስታል፣ ይሄን በሰው ቋንቋ ገጹ ላይ ተናገሩ።

"ፋይልሳይዝ ስታስገባ ጉግል ላይ ከፍ ትላለህ" የሚለውንም ተዉት። ጉግል ለሶፍትዌር ሪች ሪዘልት (ፍለጋ ውጤት ላይ እንደ ኮከብና ዋጋ ያለ ተጨማሪ መረጃ ለሚያሳየው) የሚጠይቀው ስም፣ ዋጋ (ነጻ ከሆነ 0) እና ሬቲንግ ወይ ሪቪው ነው፣ ፋይልሳይዝ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ጉግል ገጹ ላይ የማይታይ ነገር ማርክአፕ አታድርጉ (ስኬማው ውስጥ አትጻፉ)ም ይላል፣ ስለዚህ ሳይዙ ዳውንሎድ በተኑ አጠገብ ለሰውም ይጻፍ።

እና ቁጥሩ ከቨርዥኑ ጋር አብሮ ይቀየር። አፑ 3.2 ደርሶ የ2.0 ሳይዝ የተጻፈበት ገጽ ሞልቷል። ቢልድ ስክሪፕቱ (አፑን አሽጎ የሚያወጣው ኮድ) ፋይሉን ለክቶ ራሱ ይጻፈው፣ በእጅ የምትጽፉትና የምትረሱት ከሆነ ግን ጨርሶ አውጡት፣ ግዴታ አይደለም።