ስቶክ ፎቶ ምንድን ነው?

ማስታወቂያ ላይ ላፕቶፕ ከበው የሚሳሳቁ ወጣቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ብዙ ጊዜ እነዚያ ልጆች የሚያስተዋውቁትን ድርጅት በስም እንኳ አያውቁትም። ፎቶውን ያነሳውም ሰው እንደዚያው። ዲዛይነሩ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ ከፍሎ ያወረደው ነው። ስቶክ ፎቶ የሚባለው ይሄ ነው፦ ማን እንደሚገዛው ሳይታወቅ ተነስቶ፣ ፈላጊ እስኪመጣለት የሚቀመጥ ፎቶ።

ተሸጠ ሲባል ታዲያ ፎቶው ከእጃችሁ ወጣ ማለት አይደለም። የሚሸጠው ፈቃዱ ነው። ያው አንድ ፎቶ ዛሬ ለካፌ፣ ነገ ለመጽሔት ይሸጣል፤ ባለቤቱ ግን እናንተው ናችሁ። በብዛት የሚሠራበት ፈቃድ ሮያልቲ ፍሪ ይባላል። ስሙ ያሳስታል እንጂ በነጻ ማለት አይደለም። ገዢው አንዴ ከከፈለ በኋላ በተጠቀመበት ቁጥር አይጠየቅም ለማለት ነው።

ሻተርስቶክ የሚባለውን የስቶክ ፎቶ የኢንተርኔት መደብር ጆን ኦሪንገር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀምር መደብሩን የሞላው ራሱ ባነሳቸው 30,000 ፎቶዎች ነበር። ይህችን ቁጥር ያዟት። ሌላው መደብር አዶቤ ስቶክ ከፎቶ ሽያጭ ለአንሺው 33 በመቶ ይሰጣል፤ በወርሃዊ ደንበኝነት ለሚያወርዱ ገዢዎች ሲሸጥ ግን ድርሻችሁ እስከ 33 የአሜሪካ ሳንቲም ሊወርድ ይችላል። ገንዘቡን ለማውጣት ደግሞ 25 ዶላር መሙላት አለበት። በ33 ሳንቲም ሒሳብ 76 ሽያጭ መሆኑ ነው። ኦሪንገር በ30,000 የጀመረውን፣ አሥር ፎቶ ጭኖ የቤት ኪራይ መጠበቅ አይሆንም።

ካሜራው ብዙ አያስጨንቅም። አዶቤ የሚጠይቀው ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ነው፤ የዛሬ ስልክ ከዚያ በላይ አለው። ጀማሪን የሚጥለው ሌላ ነው።

እኔ መጀመሪያ ከላክኋቸው አሥር ፎቶዎች ሰባቱን መደብሩ አልቀበልም ብሎ መለሰብኝ። ከሁሉም የቆጨኝ አክስቴ ቡና ስትቀዳ ያነሳኋት ነው። ጭሱ፣ ቄጤማው፣ ፈገግታዋ፣ ምን ልበላችሁ፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ፊቷ በግልጽ ይታያል፣ የፈቃድ ወረቀት የለም። ከኋላዋ ደግሞ ቀይ የለስላሳ ሳጥን ከነስሙ ተገትሯል። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ልብ አላልኩትም።

ወረቀቱ ሞዴል ሪሊዝ ይባላል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው "ለንግድ ቢውል ፈቅጃለሁ" ብሎ የሚፈርምበት ነው። ሰውየው የሚለይ ከሆነ ያለዚህ ፊርማ ለማስታወቂያ አይሸጥም። ልጅ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። ገጠር ወርዶ የሕፃናትን ፊት አንስቶ የሚመለስ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። አክስቴ ወረቀቱን ስሰጣት "አንተ፣ ቤቴን ልታስይዝ ነው እንዴ?" አለችኝ። "የለም እትዬ፣ ለፎቶው ነው" ብዬ መስመር በመስመር አነበብኩላት። ፈረመች። ሳጥኑን አንስተን፣ ቡናው እንደገና ተፈላ። ለማንኛውም ብዬ እጇንና ጀበናውን ብቻም ለይቼ አነሳሁ። ፊት ስለሌለበት ያኛው ያለ ጣጣ አለፈ።

የንግድ ምልክትም እንደዚያው ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ስታነሱ ግንባሩ ላይ ያለው የቶዮታ ምልክት ከታየ ለማስታወቂያ አይሆንም። ወይ ምልክቱን ከፎቶው ላይ ታጠፉታላችሁ፣ ወይ ኤዲቶሪያል ብላችሁ ትልኩታላችሁ። ኤዲቶሪያል ማለት ለዜና፣ ለመጽሔትና ለመማሪያ ብቻ የሚሸጥ ነው። ጃንሜዳ ያለውን የጥምቀት ሕዝብ ማን ያስፈርማል? እንዲህ ያለው ቦታው እዚህ ነው። ሻተርስቶክ ለኤዲቶሪያል መግለጫው ላይ ከተማውን፣ አገሩንና ቀኑን ይፈልጋል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ ጥር 11 ብላችሁ እንዳትልኩ።

ፎቶው ካለፈ በኋላ የሚያሸጠው ቁልፍ ቃሉ ነው፤ ገዢው ፈልጎ እንዲያገኘው ከፎቶው ጋር የምትጽፉት ቃል ማለት ነው። ገዢው የሚፈልገው በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። ጀበና ብቻ ብላችሁ ብትተዉት በርሊን ያለው ዲዛይነር ከየት ያገኘዋል? ቡና፣ ሸክላ፣ እንፋሎት፣ እጅ፣ እንግዳ መቀበል፣ ኢትዮጵያ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጻፉት። አዶቤ እስከ 49 ቃል ይፈቅዳል፤ ቁጥሩን ለመሙላት ተብሎ ግን የሌለ ነገር አይጻፍም።

የግብሩን ፎርምም አትዝለሉት። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው የሚሞላው ደብልዩ-8ቤን ይባላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ እዚህ የሚኖር ሰው ከአሜሪካ ሽያጭ ከሚያገኘው ድርሻ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ገንዘቡ የሚላከው እንደ ፔይፓልና ፔዮኒር ባሉ የኢንተርኔት የገንዘብ መላኪያዎች ነው። ስለዚህ መቶ ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት ከነዚህ በአንዱ በስማችሁ ገንዘብ መቀበል መቻላችሁን አረጋግጡ።