የብስክሌት ልክ ምንድን ነው?

«ስንት ኪሎ ነው?» ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮርስ (የእሽቅድምድም) ብስክሌት ሊገዛ የመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው። በአንድ እጁ ብድግ ያደርገውና «ኧረ ቀላል ነው!» ይላል። አሉሚኒየም ነዋ። እኩል መጠን ካለው ብረት ሲሶውን ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ልኬ መሆኑን ነው።

ልክ ማለት ሰውነታችን ብስክሌቱን የሚነካባቸው ሦስት ቦታዎች፣ ፔዳሉ፣ ኮርቻውና መሪው፣ ከቁመናችን ጋር ሲስማሙ ነው። ኮርቻ ከፍ ዝቅ ይላል። የመሪው አንገት፣ መሪውን ከፍሬሙ የሚያያይዘው፣ በአጭር ወይም በረጅም ይቀየራል። ፍሬም ግን ያው ነው፤ ካልሆነ አልሆነም። 52፣ 54፣ 56 የሚባለው የፍሬም ቁጥር በጥንቱ አለካክ የኮርቻው ቱቦ ርዝመት ነው፣ በሴንቲ ሜትር። የላይኛው ቱቦ ተዳፋት በሆነባቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ላይ ግን ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ተቀምጣችሁ ሞክሩ።

ከሁሉ በፊት የኮርቻው ከፍታ ይስተካከል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ይበል። ከዚያ በእግራችሁ የፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። በሜትር መሥራት ለሚወድ ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን 3 ጊዜ ያሸነፈው ግሬግ ሌሞንድ ያስለመደው ስሌት አለ። በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ከወለል እስከ ብሽሽት ለኩና በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ለመነሻ ይሆናል፤ የመጨረሻውን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ከፊት ከታመመ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ከታመመ ከፍ ብሏል።

የመሪው ርቀት በሜዳ ላይ ብዙም አያስጨንቅም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ግን ጉዱ ይወጣል። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ የጭነት መኪናው ብዙ ነው፣ ፍሬኑም ከእጅ አይለይም። መሪው ከራቃችሁ ክንዳችሁ ተገትሮ ትከሻችሁ ይደነዝዛል፤ ጣታችሁም ፍሬኑን በቅጡ አይጨብጥም። ብዙ ሰው ኮርቻውን ወደ ፊት ገፍቶ ይገላገላል። ይህ የጉልበቱን ቦታ ያበላሻል። የመሪውን አንገት ከ110 ወደ 90 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ይሻላል፤ ዋጋውም ከፍሬም ጋር አይወዳደርም።

ያገለገለ ከሆነ የብየዳ መጋጠሚያዎቹን በደንብ እዩ። አሉሚኒየም ጫና ሲደጋገምበት ይደክማል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ አያድነውም። በአርጎን ጋዝ ቢበየድ እንኳ ሙቀቱ ዙሪያውን ያለሰልሰዋል። ስንጥቅ ካያችሁ፣ የፈለገ ቢረክስ፣ ተዉት።

የኮርቻውን ዘንግ ግራሶ ቀቡት፤ አለዚያ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ዘንጉ ላይ ያለው የመጨረሻ መስመርም ከቱቦው ወጥቶ መታየት የለበትም። ልኩ ከተገኘ በኋላ ዘንጉ ላይ ፕላስተር ጠምጥሙ። ሚኒባስ አናት ላይ ሲጫን ረዳቱ ኮርቻውን ዝቅ ቢያደርገው፣ ስትወርዱ እንደገና ሜትር አትፈልጉም።