«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል»፦ ትርጉሙና ያቋረጡትን ማስታወሻ ለመቀጠል የሚሰጠው ምክንያት

ሁለት ሰዎች በአፍ ብቻ ተስማምተው ሊነሱ ሲሉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ ይጻፍ! በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። «በመጽሐፍ» በማለት ፈንታ «በጽሑፍ» የሚልም አለ፤ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። የተነገረው ከተናጋሪውና ከሰሚው ጋር ያልፋል፣ የተጻፈው ግን ሁለቱንም ለማያውቅ ሰው ይደርሳል።

የአባባሉ ውበት ቤት መምቻው ላይ ነው። «ይረሳል» እና «ይወረሳል» ሲጻፉ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ «ወ»። ቃላቱ ግን ዘመዳሞች አይደሉም። «ረሳ» የግእዙ «ረስዐ» ሲሆን፣ «ወረሰ» በግእዝም «ወረሰ» ነው። ወራሽ፣ ውርስ፣ ርስት ሁሉም ከዚህ ከሁለተኛው ቃል የወጡ ናቸው። ስለዚህ ምሳሌው ጽሑፍን ያስተካከለው ከርስት ጋር ነው፤ የጻፉት ነገር እንደ መሬት ለልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነው ማለቱ ነው።

በጎንደር ይህ እንዲያው ምሳሌ ብቻ አልነበረም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን መቀመጫ ካደረጉ በኋላ በነበሩት ዘመናት፣ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋና የምስክሮች ስም በጠባብ መስመር ተጨናንቆ ከወንጌሉ ጎን ይቀመጣል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የሚገኝ በመሆኑ ባዶ ቅጠል በከንቱ አይተውም። ከዚህም በላይ ወንጌል ካህናቱ የሚጠብቁት፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው መጽሐፍ ነው፤ እዚያ የሰፈረውን ውል ለመካድ ድፍረት ይጠይቃል። ቤተ መንግሥቱ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሲያስጽፍ፣ የተራው ሰው ጉዳይ በኅዳግ ተረፈ። ዛሬ የጎንደርን የኑሮ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እነዚህን ኅዳጎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን መዘለል የለበትም። ጎንደር የቃል ትምህርት ከተማም ናት። የመጻሕፍት ትርጓሜ አንድምታው ለብዙ ዘመን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ኖሮ ነው በኋላ በጽሑፍ የሰፈረው፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች ልዩነትም ከዚሁ ከጎንደር ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ እንዴት አልተረሳም? ተማሪ ስለነበረው ነው። በየቀኑ የተማረውን እየደገመ የሚቀጽል፣ ሲሳሳት የሚታረም ደቀ መዝሙር ነበረው። በጎንደር የሚያልፈው የቀሃ ወንዝ በየክረምቱ የደረሰበት ልክ፣ ወይም በእድር ስብሰባ የተባለው ነገር ግን የሚያጠናው ተማሪ የለውም። በቃል ከቀረ በእርግጥ ይረሳል።

የግል ማስታወሻ ጀምሮ ለተወ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አይገኝም። የመቀጠያው መንገድም ቀላል ነው። ያለፉትን ወራት ለማሟላት አይሞከር፤ ደብተር ተከፍቶ ሳይጻፍበት የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕዳ ምክንያት ነው። አንድ መስመር ተዘሎ የዛሬው ቀን ይጻፍ። ከሦስት እስከ አምስት መስመር ይበቃል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየው ነገር።

የተለመደው ስሕተት ስሜትን ብቻ መጻፍ ነው። «ዘንድሮ ክረምቱ በረታ» የሚል ማስታወሻ ከዓመት በኋላ ለጻፈው ሰው እንኳ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢሆን ግን ይወረሳል፦ «ሐምሌ 12፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ዘነበ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀሃ ደፍርሷል፤ ልብስ የሚታጠብበት ሰፊ ድንጋይ አይታይም።» ድንጋዩ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። አደይ አበባ መጀመሪያ የታየበት ቀንና ቦታ፣ የመስቀል ወፍ የመጣበት ሳምንትም እንዲሁ ይያዝ።

የአካባቢው ጉዳይ ከተፈጥሮው ተለይቶ በሌላ ደብተር ባይጻፍ ይሻላል። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል የሚቸገረው ከተራቆተው ተዳፋት አፈር እየታጠበ ስለሚገባበት ነው። የጎርፉን ቀለምና ቧንቧው ውሃ የሰጠባቸውን ቀናት በአንድ ገጽ ጎን ለጎን የያዘ ሰው፣ በቀበሌ ስብሰባ ሲነሳ የሚናገረው ነገር አለው። «ውሃ ጠፋ» ከማለት «በነሐሴ በሰፈራችን ውሃ የመጣው በእነዚህ 4 ቀናት ነው» ማለት የበለጠ ክብደት አለው። ከስብሰባም ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን ተጠየቀ፣ ማን በምን ኃላፊነቱ ምን ብሎ መለሰ፣ እስከ መቼ ተባለ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ቀኑ ያልተያዘ ተስፋ ደግሞ መጠየቂያ የለውም። የሰው የቤት ጉዳይና ሐሜት ግን አይግባበት፤ ደብተሩ ሌላ እጅ መግባቱ አይቀርም።

በክረምት በእርሳስ መጻፍ ይመረጣል፤ ውሃ የነካው የብዕር ቀለም ሲፈስ እርሳስ ይቆያል። ደብተሩ እርጥበት ከሚስብ ግድግዳና ምስጥ ከሚደርስበት ወለል ይራቅ፤ የጥንቶቹ ብራናውን በቆዳ ማኅደር አድርገው የሚሰቅሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስም 6 ቀን ናት፤ የዓመቱን ገጾች መልሶ ለማንበብና ከአምናው ጋር ለማስተያየት ትበቃለች። በዚያው ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ይሞላ፦ «ሰፊ ድንጋይ» የተባለው የቱ እንደሆነና ከየት ቆመው እንደሚያዩት፣ «ቧንቧው» የቱ ሰፈር እንዳለ። ጻፊው ያውቀዋል፤ ወራሹ ግን አያውቀውም።