የተቀባ ሳቅ፦ ክላውን በአስፈሪ ፊልሞች

ዝናብ ይዘንባል። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ልጅ በጎርፉ ላይ የለቀቃት የወረቀት ጀልባ መንገድ ዳር ካለው የፍሳሽ ቀዳዳ ትገባበታለች። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከጨለማው ውስጥ አንድ ክላውን ፈገግ ብሎ ያናግረዋል። በስቲቨን ኪንግ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለእይታ የበቃው «ኢት» የተባለው ፊልም የሚጀምረው በዚህ ትዕይንት ነው። ልጁ ገና አልተነካም። ክላውኑ እስካሁን ከመሳቅና ከማውራት በቀር ያደረገው ነገር የለም፤ የተመልካቹ ልብ ግን ከወዲሁ ተንጠልጥሏል።

ለክላውን በአማርኛ ልክክ የሚል ቃል የለንም። «ቀልደኛ» ወይም «አጫዋች» እንዳንለው፣ የኛ አጫዋች የሚያስቀው በገዛ ፊቱና በአንደበቱ ነው። ክላውን ፊቱን በነጭ ቀለም ይለቀለቃል፣ አፉን በቀይ ያሰፋል፣ ቀይ አፍንጫ ይለጥፋል፣ ከእግሩ እጥፍ የሚሆን ጫማ ያጠልቃል። የፍርሃቱ ዋና ምንጭም ይኸው ቀለም ነው።

ከልክ ያለፈው የክላውን ፍርሃት ኮልሮፎቢያ ይባላል። የሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ64 አገሮች የሚኖሩ 987 ሰዎችን ጠይቀው፣ 53.5 በመቶው ክላውንን ቢያንስ በጥቂቱ እንደሚፈሩ፣ 5 በመቶው ደግሞ እጅግ እንደሚፈሩ ነግረዋቸዋል። ፈሪዎቹ ከሁሉ በላይ የተስማሙበት ምክንያት ከቀለሙ ሥር ያለው ስሜት አለመታወቁ ነው። የፊልሞች ተጽዕኖና ክላውን ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አለመታወቁም ተነሥተዋል። «አንድ ክላውን አስደንግጦኝ ያውቃል» የሚለው ግን ከሁሉም ያነሰ ድጋፍ አገኘ። እንግዲህ አብዛኛው ፈሪ ከክላውን እጅ የደረሰበት ነገር የለም ማለት ነው።

ሰው ሰውን የሚያነበው ከፊቱ ነው። አንዱን «ሳቁ ከአንገት በላይ ነው» የምንለው አፉ ሲስቅ ዓይኑ እንዳልሳቀ ስለምናይ ነው። ክላውን ይህን መመዘኛ ይነሳናል፤ ቢናደድም ቢያዝንም ያ የተቀባ አፍ ያው ይስቃል። ጃፓናዊው የሮቦት ሊቅ ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 እንደጻፈው፣ ሰው ለመምሰል ጥቂት የጎደለው ነገር ጨርሶ ሰው ከማይመስለው ይልቅ ያሳቅቃል። ይህ ሐሳብ ለክላውንም ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ለኔ ግን የሚገጥመው በከፊል ነው፤ ሮቦቱ ወደ ሰው መልክ ይጠጋል፣ ክላውን ደግሞ ከሰው መልክ የሚሸሽ ሰው ነው።

ጥርጣሬው ከሲኒማ ይቀድማል። ዛሬ የምናውቀውን ነጭ ፊትና ቀይ ጉንጭ ያስለመደው የለንደኑ ጆሴፍ ግሪማልዲ (1778–1837) ነው። መድረክ ላይ በመዝለልና በመውደቅ ብዛት ሰውነቱ ተሰባብሮ ገና በአርባዎቹ ዕድሜው ሥራውን ተወ፤ ልጁም በመጠጥ ተጎድቶ ቀድሞት ሞተ። ግሪማልዲ ካረፈ በኋላ የሕይወት ታሪኩን አርሞ በ1838 ያሳተመው ወጣቱ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ሲሆን፣ ሕዝብን እያሳቀ ቤቱ ገብቶ የሚያለቅስ ክላውን የሚለው ምስል ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ። በፓሪስ ደግሞ ቃል ሳይተነፍስ የሚጫወተው ነጭ ፊቱ ዣን-ጋስፓር ደቡሮ በ1836 መንገድ ላይ የሰደበውን ልጅ በከዘራ መትቶ ገደለ። ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበተው። ችሎቱን የሞላው ሕዝብ ግን፣ እንደሚባለው፣ ከፍርዱ ይልቅ ድምፁን ለመስማት ጓጉቶ ነበር።

አሜሪካን ያስበረገገው ጆን ዌይን ጌሲ ነው። በቺካጎ አካባቢ በልጆች ድግስ ላይ «ፖጎ» እየተባለ ክላውን ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1978 ተይዞ በ33 ሰዎች ግድያ ተፈረደበት። የሙያው ሰዎች ፎቶውን ሲያዩ አንድ ነገር ያሳያሉ፤ ክላውን ልጆች እንዳይፈሩ የአፉን ጠርዝ አክብቦ ይቀባል፣ የፖጎ አፍ ግን ጫፍ ጫፉ የሾለ ነበር።

ሰርከስ ላይ ክላውን ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። አስፈሪ ፊልም ይህንኑ ሰው ከድንኳኑ አውጥቶ ጸጥ ያሰኘውና ኮሪደር ጫፍ ወይም አልጋ አጠገብ ያስቀምጠዋል። በ1982ቱ «ፖልተርጋይስት» አንድ ልጅ ከአልጋው ትይዩ ወንበር ላይ የተቀመጠው የክላውን አሻንጉሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። ልብስ ወርውሮ ሊሸፍነው ይሞክራል። ኋላ ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው፤ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፣ እዚያም የለም። በ2016ቱ «ቴሪፋየር» አርት የተባለው ገዳይ ክላውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም፤ የደቡሮ ዝምታ ወደዚህ ወረደ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በሳውዝ ካሮላይና ግሪንቪል ክላውኖች ልጆችን ወደ ጫካ ሊያባብሉ ሞከሩ የሚል ወሬ ተነሥቶ አሜሪካን አዳርሶ ውቅያኖስ ተሻገረ። በዓመቱ የመጣው «ኢት» በዓለም ዙሪያ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በክላውንነት የሚተዳደሩት ግን እንጀራችንን ነካብን ብለው አማረሩ። ቅሬታቸው እውነት አለው፤ ሆኖም ችግሩ ከፊልሙም ያለፈ ነው። በ2008 የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆስፒታል ግድግዳ ማስዋቢያ ከ4 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ከ250 በላይ ልጆች ሲጠይቅ የክላውን ሥዕል አልወደዱትም ነበር።

በ2017ቱ ፊልም ክላውኑን የሠራው ስዊድናዊው ቢል ስካርስጎርድ አንድ ዓይኑን ብቻውን ወደ ጎን ማዞር ይችላል። ዳይሬክተሩ ይህን በኮምፒውተር ሊሠራው አስቦ ነበር፤ ተዋናዩ እዚያው በገዛ ዓይኑ አሳየው። በአንዱ ቀረጻ ላይ አጃቢ ሆነው ከመጡት ልጆች መካከል ሲያዩት የተንቀጠቀጡና ያለቀሱ ነበሩ። ካሜራው ሲቆም ስካርስጎርድ፣ ያ ሁሉ ቀለም ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ጨዋታ እኮ ነው እያለ ይቅርታ ይጠይቃቸው ጀመር።